ለውጭ አገር ጉዞ መጽሐፍ ከመግዛታችሁ በፊት... ሐርላን ጠይቁ!

እስቲ በቅድሚያ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ።

ናይሮቢ ነን። ከምሽቱ አራት ሰዓት አልፏል። እኔና ጓደኛዬ ሻንጣችንን እየጎተትን አንድ የእንግዳ ማረፊያ እንፈልጋለን። በእጄ የያዝኩት የጉዞ መጽሐፍ "ንጹህ፣ ርካሽ፣ ሴቶች ብቻቸውን ቢያድሩበት የማያሰጋ" ብሎ መስክሮለታል። መንገዱንም ቁጥሩንም አገኘነው። በሩ ላይ የተሰቀለው ግን የጎማ ማስታወቂያ ነው! ዘበኛው አይቶን ሳቀ። ማረፊያው ተዘግቶ መጋዘን ከሆነ አራት ዓመት አልፎታል።

ያን ሌሊት ያደርነው አቅማችን የማይፈቅደው ሆቴል ውስጥ ነው። የአምስት ቀን በጀት በአንድ ሌሊት ጭልጥ አለ። በሦስተኛው ቀን አንገታችንን ደፍተን ተመለስን። መጽሐፉን የመረጥኩት እኔ ነበርኩ። ለምን መረጥሽው ብትሉኝ... ሽፋኑ ላይ ያለው አንበሳ አምሮኝ! በኋላ ገልጬ ሳየው የታተመው ከጉዟችን ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ጓደኛዬ ሁለት ወር ሙሉ ስልኬን አላነሳችም። እውነቷን ነው፤ የእቁብ ብሯ ነበራ!

አምና ታዲያ እቁቡ እንደገና ደረሰን። አሁን ደግሞ ታንዛኒያ አልን። ጓደኛዬ የድሬዳዋ ልጅ ናት። እሺ ከማለቷ በፊት እንዲህ አለችኝ፦ "ስሚኝ አቦ! ዘንድሮም በመጽሐፍ ከተሸወድን እኔና አንቺ እዚያው እንለያያለን።" የድሬ ልጅ ስትቆጣም የምትቀልድ ትመስላለች። እሷ ግን የምሯን ነበር።

ወፍራሙና ቀጭኑ

ሁለት መጻሕፍት ቀረቡልን። አንደኛው ወፍራም፣ ፎቶው የሚያብረቀርቅ፣ ሽፋኑ ላይ "አዲስ እትም" የሚል ነው። ሁለተኛው ቀጭን፣ ፎቶው ጥቂት፣ ጽሑፉ የደቀቀ። እኔ ልቤ ወደ ወፍራሙ አዘነበለ። (ከአንበሳው አልተማርኩም ማለት ነው!) ግን ሁለታችንም ታንዛኒያን በዓይናችን አላየናት። የትኛው እውነቱን እንደሚያወራ በምን እናውቃለን?

ዘዴውን ያመጣችው ጓደኛዬ ናት። "የማታውቂውን አገር ሲያወራልሽ ውሸቱን አትለዪም። እስቲ የምታውቂውን አስወሪው!"

የሁለቱም መጻሕፍት አሳታሚዎች ስለ ኢትዮጵያም አሳትመዋል። እነሱን ተዋስን። ጓደኛዬ ለዘመድ ሰርግ ድሬዳዋ መሄጃዋ ስለነበር እኔም ተከተልኳት። ፈተናውን የምናደርግበት ቦታ እሷ መረጠች፦ ሐርላ።

እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። ስለ ሐርላ የማውቀው ስሙን ብቻ ነበር። ብዙዎቻችሁም እንደኔ ሳትሆኑ አትቀሩም።

የግዙፎቹ መንደር

ሐርላ ከድሬዳዋ በስተደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ኮንትራት መኪና ይዘን በጠዋት ወጣን። የድሬ ሙቀት ከኋላችን እየቀረ፣ መንገዱ ወደ ተራራው እየወጣ ሄደ። መንደሩ ተራ የገበሬ መንደር ነው። ቀስ ብላችሁ ስታዩ ግን በማሳው ዳርና በቤቱ አጠገብ የጥንት የድንጋይ ግንብ ፍራሽ ታገኛላችሁ። አንዳንዱ ድንጋይ ትልቅነቱ ያስደነግጣል። ለዚህ ነው የአካባቢው ሰው ከጥንት ጀምሮ "ይህን የሠሩት ግዙፎች ናቸው" እያለ ሲያወራ የኖረው። ገበሬዎች ሲያርሱም የሸክላ ስብርባሪና የቻይና ሳንቲም ሳይቀር ያገኙ ነበር።

ነገሩ ተረት ብቻ ሆኖ አልቀረም። የእንግሊዙ የኤክስተር ዩኒቨርሲቲ አርኪዮሎጂስት ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል ከአገራችን የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር ሆነው ቦታውን ቆፈሩ። በሰኔ 2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2017) ይፋ የሆነው ውጤት ብዙዎችን አስገረመ። እ.ኤ.አ. በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ መስጊድ ተገኘ። የሙስሊም መቃብሮች ተገኙ። የ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የግብፅ ሳንቲም፣ ከየመንና ከቻይና የመጣ ዕቃ፣ የመስታወት ዶቃ፣ ከሩቅ ባሕር የመጣ ዛጎል... ምኑ ቅጡ! የጌጣጌጥ ሥራ ይካሄድበት እንደነበረም ታወቀ።

እስቲ አስቡት! እኛ ድሬዳዋ ስንባል የምናስበው ባቡርን ነው። እውነት ነው፣ ከተማዋ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ ሲደርስ ነው። ግን ባቡሩ ከመምጣቱ ብዙ መቶ ዓመታት በፊት፣ ከዚያው ተራራ ላይ፣ ከቻይናና ከህንድ ውቅያኖስ ጋር የሚነግድ ከተማ ነበር።

ፈተናው

የመስጊዱ ፍራሽ አካባቢ ቆመን ሁለቱን መጻሕፍት ገለጥን። አንድ የመንደሩ ሽማግሌ ገበሬ ምን እንደምናነብ ጠየቁን። ጓደኛዬ በኦሮምኛ ነገረቻቸው። "አንብቡልኛ" አሉ።

ከወፍራሙ ጀመርን። ስለ ድሬዳዋ የሚለው ሙቀት የበዛባት የመተላለፊያ ከተማ መሆኗን፣ እንግዳው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐረር ቢቀጥል እንደሚሻል ነው። ስለ ሐርላ አንድ መስመር አለው፦ የድንጋይ ክምር፣ ጊዜ ካልተረፈዎት አይሂዱ። በቃ! መጽሐፉ የወጣው ግኝቱ ይፋ ከሆነ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። "አዲስ" የሆነው ለካ ሽፋኑ ነው!

ጓደኛዬ ተረጎመችላቸው። ሽማግሌው ትንሽ ዝም አሉና፣ "ሰውየው ከመኪናው አልወረደም ማለት ነው" አሉ። ሳቅን። እኔ ግን ውስጤ አፈረ። እኔስ ብሆን ይህንን አገሬን መች ወርጄ አየሁት?

ወደ ቀጭኑ ዞርን። የግዙፎቹን ተረት ይነግራል፤ ቀጥሎ ቁፋሮውን ይነግራል፤ ተረቱ የቱ፣ ማስረጃው የቱ እንደሆነ ለይቶ ያስቀምጣል። ከመንደሩ ሰው ጋር ሳይነጋገሩ ወደ ፍራሹ መግባት ነውር መሆኑን ያስጠነቅቃል። አንዲት ዶቃ እንኳ ከመሬት አንስተው ኪሳቸው እንዳይከቱ ይመክራል። የኮንትራት መኪና ዋጋው ግን የድሮ ነበር፤ እኛ እጥፉን ከፍለናል። ቢሆንም መጽሐፉ ራሱ "ዋጋው የተጻፈው በዚህ ዓመት ነው፣ ይለወጣል" ብሎ አስቀድሞ ተናግሯል። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ሰሙና ራሳቸውን ነቀነቁ፦ "ይሄኛው ወርዷል።"

ፈተናው እዚያ አለቀ። ከሐርላ ስንመለስ የታንዛኒያውን ቀጭን መጽሐፍ ይዘን እንድንሄድ ተስማማን።

እናንተስ በምን ትመርጣላችሁ?

አንደኛ፣ ዓመቱን እዩ። የሽፋኑን ሳይሆን የውስጡን። ከርዕሱ ገጽ ጀርባ የመጀመሪያው እትምና የአሁኑ እትም ዓመት ተጽፎ ታገኛላችሁ። መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት መረጃው የተሰበሰበበት ጊዜም አለ፤ ስለዚህ አንድ ዓመት ቀንሱለት። የጥንት ግንብ በአሥር ዓመት ቦታውን አይለቅም። የእንግዳ ማረፊያ ግን ይለቃል፤ ናይሮቢ ምስክሬ ናት።

ሁለተኛ፣ ጸሐፊው ከመኪና ወርዷል? "ውብ"፣ "ማራኪ"፣ "የማይረሳ" የሚል ቃል ብቻ ከበዛ ተጠራጠሩ። አውቶቡሱ ከየት በኩል እንደሚነሳ፣ ጀልባው የቱ ጋ እንደሚቆም፣ ፈቃድ ከየትኛው ቢሮ እንደሚወጣ የጻፈ ሰው ቦታውን ረግጧል።

ሦስተኛ፣ ለማን ነው የተጻፈው? ይህ ዋናው ነው። ጣሊያን አገራችንን በያዘበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1938፣ ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ግዛቱ ትልቅ የጉዞ መምሪያ አሳትሞ ነበር። መንገዱንና ካርታውን በዝርዝር ይዟል። የተጻፈው ግን አገሩን የራሴ ነው ለሚል ጣሊያናዊ ነው እንጂ ለባለ አገሩ አይደለም። ዛሬም የምንገዛቸው መጻሕፍት አብዛኞቹ ለአውሮፓና ለአሜሪካ ሰው የተጻፉ ናቸው። የቪዛውን ገጽ አምናችሁ እንዳትነሡ! ያ ለእነሱ ፓስፖርት ነው። የእናንተን ኤምባሲውን ጠይቁ። ክትባትም እንደዚያው። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች ተርታ ስለምትቆጠር ከዚህ ወደ ታንዛኒያ የሚሄድ ሰው የክትባት ካርድ ይጠየቃል። ከለንደን በቀጥታ የሚሄደው ግን አይጠየቅም። ለጾመኛ ደግሞ ምስጢር ልንገራችሁ፦ መጽሐፉ "ጾም" የሚል ርዕስ የለውም፤ "ሥጋ ለማይበሉ" የሚለውን ፈልጉ። እዚያ ሽሮ ባታገኙ ባቄላ በኮኮናት ታገኛላችሁ።

አራተኛ፣ ሰዓቱን ፈትኑት። ይቺ የጓደኛዬ ፈጠራ ናት። ጥሩ የኢትዮጵያ መጽሐፍ የእኛ አንድ ሰዓት ለፈረንጅ ሰባት ሰዓት መሆኑን ይነግረዋል። ጥሩ የታንዛኒያ መጽሐፍም እንዲሁ፤ ምክንያቱም በስዋሂሊ ጠዋት "ሳ ሞጃ"፣ ቃል በቃል አንድ ሰዓት፣ ልክ እንደኛው ነው! ይህን ያልጻፈ መጽሐፍ አውቶቡስ ያስመልጣችኋል። ወፍራሙ አልጻፈውም። ቀጭኑ ጽፎታል።

አምስተኛ፣ ስለ ሰዉ እንዴት ያወራል? የአገሩን ሰው ሁሉ ሌባ ወይም ሁሉን መልአክ የሚያደርግ መጽሐፍ አይጠቅማችሁም። ስለናንተ ቢጻፍ የምታፍሩበትን ዓይነት ጽሑፍ ስለሌላው አትግዙ።

"ስልክ እያለ መጽሐፍ ምን ያደርጋል?" የምትሉ አላችሁ። ስልኩን አልጣልኩትም፤ ዋጋና የመዘጋት ወሬ ለማጣራት እሱ ይሻላል። ነገር ግን ባትሪውም ኔትወርኩም የሚጠፋው በጣም ስትፈልጉት ነው። ደግሞ ስልኩ የጠየቃችሁትን ብቻ ነው የሚመልሰው። መጽሐፍ ያልጠየቃችሁትንም ይነግራችኋል። ለምሳሌ ኪልዋን።

ኪልዋ

ኪልዋ ኪሲዋኒ በደቡብ ታንዛኒያ ባሕር ዳር ያለች ደሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ1981 በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ታላቁ ተጓዥ ኢብን ባቱታም እ.ኤ.አ. በ1331 ደርሶባታል። እኔ ዛንዚባር ላይ ተኝቼ መክረም ነበር ሐሳቤ። ቀጭኑ መጽሐፍ ግን ስለ ኪልዋ ብዙ ገጽ ጽፏል፤ ወደ ደሴቷ ከመሻገር በፊት ኪልዋ ማሶኮ ከተማ ካለው ቢሮ ፈቃድ መውጣት እንዳለበትም ነግሮናል። አወጣን። ከጀልባው ዘንድ ሌሎች ሁለት እንግዶች ፈቃድ ስለሌላቸው ወደ ከተማው ሲመለሱ አየን። አንደኛዋ በብብቷ የያዘችው... ወፍራሙን! ጓደኛዬ በክርኗ ጎሸመችኝ። ዝም አልን እንጂ ልባችን ስቋል።

ደሴቷ ላይ ከባሕር ድንጋይ የተሠራው ታላቁ መስጊድ ፊት ስንደርስ ጓደኛዬ ቆመች። ሐርላ የተገኘው መስጊድ አሠራሩ በደቡብ ታንዛኒያ ካሉት ጋር እንደሚመሳሰል የቁፋሮው ሰዎች መናገራቸውን ቀጭኑ የኢትዮጵያ መጽሐፍ ላይ አንብባ ነበር።

"አይገርምሽም አቦ?" አለችኝ። "ከሰፈሬ ተነሥቼ ይህን ሁሉ መንገድ መጣሁ፤ የሰፈሬን ዘመድ አገኘሁ።"

ማታ ላይ የናይሮቢውን ሌሊት አንስተን ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን ሳቅንበት። "ሒሳቡ ተዘጋ" አለችኝ።

እናም ውድ አንባቢያን፣ ለጉዞ ያጠራቀማችሁትን ብር ከመበተናችሁ በፊት አንድ ቀን ስጡት። መጽሐፉን ወይም የአሳታሚውን የኢትዮጵያ መጽሐፍ ያዙና የምታውቁትን ሰፈር፣ የተወለዳችሁበትን ከተማ ገልጣችሁ አንብቡ። ከተቻለም ቦታው ድረስ ሂዱና ለሽማግሌ አንብቡለት። ሰፈራችሁን በትክክል ያወቀ መጽሐፍ ሌላውንም አገር ሳያውቅ አይቀርም። ሰፈራችሁን ከመኪና መስኮት ያየ ግን... አንበሳው ቢያምርም ይቅርባችሁ።

መልካም ጉዞ!