ቋንጣ ተመልሶ ሥጋ አይሆንም

ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ያለበት ቤት ጥያቄው አንድ ነው፤ «ኪሎ ይተርፍሃል?» በርበሬው፣ ሽሮው፣ ድርቆሹ፣ ቋንጣው ተሰልፎ ይጠብቃል። መቼም አንድ ሚዛን የማያውቅ ዘመድ አይጠፋም፤ ሳይጠይቅ አሥር ኪሎ ተሸክሞ ከች ይላል። ተጓዡ ፈገግ ብሎ ይቀበልና ማታ ሻንጣው አልዘጋ ሲለው ያማርራል።

በኢሜይል ፎቶ ስንልክ አብዛኞቻችን ያንን ዘመድ ነን።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። 12 ሜጋፒክስል የሆነ የስልክ ፎቶ ማለት 4000 በ3000 ነጥብ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት ይመዝናል። ከልደት ድግስ አሥር ፎቶ መርጣችሁ አታች ስታደርጉ 40 ሜጋባይት ሞላ ማለት ነው። ጂሜይል የሚሸከመው ደግሞ 25 ነው። እሱም ሙሉ 25 አይደለም። ኢሜይል ፎቶውን ወደ ፊደላት ቀይሮ ስለሚያጓጉዘው ክብደቱ በሲሶ ያህል ይጨምራል (የሻንጣው የራሱ ኪሎ በሉት)። 18 ሜጋባይት አካባቢ ላይ ማቆም ይበጃል።

ደግሞስ ማን ነው የሚከፍለው? እኔ ከቢሮ ዋይፋይ እልካለሁ፤ የሚቀበለው ጡረታ የወጣው አጎቴ ነው። ቴሌግራም አልወድም ባይ ነው፤ «ኢሜይል አድርጊልኝ» ይላል። ዳታ የሚገዛው ግን በሜጋባይት ነው። ታላቅ እህቴ የኢንተርኔት ካፌውን ዘመን ስታወራ አጎቴ ትዝ ይለኛል። በ56 ኪሎቢት የስልክ መስመር 4 ሜጋባይት ፎቶ ለማውረድ፣ መስመሩ ጨዋ ከሆነ፣ ወደ 10 ደቂቃ ይፈጅ ነበር። ሒሳቡም በደቂቃ ነበር። ስለዚህ ፎቶ አሳንሶ መላክ ቴክኖሎጂ ብቻ አይደለም፤ ይሉኝታም ነው።

ማሳነሻው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ነጥቡን መቀነስ ነው። 4000 በ3000 የነበረውን 1600 በ1200 ብታደርጉት 12 ሚሊዮን ነጥብ ከ2 ሚሊዮን በታች ይሆናል። በስክሪን ለማየት ይበቃል። ኮምፒውተር ላይ ፔይንት ከፍታችሁ «ሪሳይዝ» በሉና በሌላ ስም «ሴቭ አዝ» አድርጉ። ሁለተኛው ጥራቱን መቀነስ ነው። ጄፔግ ፎቶውን 8 በ8 ነጥብ በሆኑ ትናንሽ ካሬዎች ይቆራርጥና ዓይን ብዙም የማያስተውለውን ዝርዝር ይጥላል። እንደገና በጄፔግ ባስቀመጣችሁት ቁጥር እንደገና ይጥላል። ዚፕ ማድረግ ግን አትድከሙ፤ ጄፔግ ቀድሞውኑ ተጨምቋል።

«ይጥላል» ያልኩትን ልብ በሉልኝ። የተጣለው አይመለስም።

አያቴ ባለፈው ዓመት አረፈች። ካሜራ ፊት ፈገግ ብላ የማታውቅ ሴት ነበረች። አንድ ፋሲካ ግን የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን መጥቶ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ከልቧ ስትስቅ ቀለባት። አሳንሶ ለሁላችንም በኢሜይል ላከልን። የዚያን ቀን ትክክል ነበር፤ ሁላችንም በስልካችን አየናት፣ አብረናት ሳቅን። ከዚያ እሱ ስልክ ቀየረ። ዋናው ፎቶ የት እንደገባ አልታወቀም።

ለአርባዋ በትልቁ ልናሳጥበው ፎቶ ቤት ሄድን። ልጁ ፋይሉን ከፍቶ ዝም አለ። 640 በ480። «ዋናው የለም?» አለን። ጥርት ብሎ እንዲታተም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ከተባለ፣ ያ ፎቶ ወርዱ ከ5 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይዘልም። ልጁ አዘነልንና «በኤአይ ላጥራው» አለ፤ አጠራውም። እውነትም ጥርት ያለች አሮጊት ወጣች። አያቴ ግን አልነበረችም። ማሽኑ የጎደለውን ሽብሽብ ገምቶ ሞላው፤ የማን እንደሆነ እንጃ። እናቴ አንዴ አየችውና ፊቷን አዞረች። ለአርባው የመጣ ሰው ሁሉ ያየው የመታወቂያዋን ፎቶ ነው፤ ተቆጥታ ያለችበትን።

ቋንጣ ለመንገድ ይመቻል፤ ይቀላል፣ አይበላሽም። ውኃ ብታፈሱበት ግን ተመልሶ ሥጋ አይሆንም። ጋዜጠኝነት ስንማር «ለድረ ገጽ ትንሹ፣ ለኅትመት ትልቁ» ይሉን ነበር። ያኔ የጋዜጣ ጉዳይ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የቤተሰብም ነው። ከመላካችሁ በፊት ቅጂ አውጡ፤ የምታሳንሱት ቅጂውን ነው። ዋናው ሳይነካ ሁለት ቦታ ይቀመጥ።

ዛሬ ማታ የእናታችሁን ምርጥ ፎቶ ፈልጉና ክብደቱን እዩ። 4 ሜጋባይት ከሆነ እሰየው። 60 ኪሎባይት ከሆነ ግን፣ ያነሳው ሰው ስልክ ሳይቀይር ቶሎ ደውሉለት።