ካሜራዬና ዓይኔ

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሰው ልጅ ደብተር ሳርም ኖሬ፥ የራሴን አንድ ስሕተት ግን ሳላርም ለጡረታ ስለ በቃሁ፥ ዛሬ እርሱን ልነግራችሁ አስቤአለሁ። ነገሩ የካሜራ ነገር ነው፤ ይሁን እንጂ ክራር ለሚመታም፥ ልብስ ለሚሰፋም ሳይደርስ አይቀርም።

ፎቶግራፍን ያወቅሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ነው። አንድ መምህራችን የዕቃ ቤቱን መስኮት በብርድ ልብስ ጋርደው፥ በቀይ አምፖል ብርሃን ባዶውን ወረቀት መድኃኒት ካለበት ውሃ ውስጥ ሲነክሩት፥ የሰው ፊት ቀስ እያለ ብቅ አለ። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በ1975 ዓ.ም. በመምህርነት እንደ ተቀጠርሁም፥ በሶቭየት ኅብረት ተምሮ ከተመለሰ ሰው ላይ ያገለገለ ዜኒት ካሜራ ገዛሁ። ክብደቱ አንድ ኪሎ ገደማ ነው፤ ሌንሱም አንድ፥ 58 ሚሊሜትር ብቻ። አንዱ ፊልም 36 ፎቶግራፍ ይወጣዋል። የፊልሙና የማጠቢያው ዋጋ ለደመወዜ ከባድ ስለ ነበረ፥ አንዱን ፊልም ለመንፈቅ አደርሰው ነበር።

ስለዚህም ከማንሣቴ በፊት ቆሜ ማየት ግዴታዬ ሆነ። በ1976 ዓ.ም. እናቴ በደጃፉ አጠገብ ተቀምጣ ጥጥ ስትፈትል፥ ብርሃኑ ከበሩ ገብቶ በጣቶቿና በእንዝርቱ ላይ እስኪያርፍ ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ተመላለስሁ። በሦስተኛው ቀን አንድ ጊዜ ብቻ አነሣሁ።

በ2003 ዓ.ም. በአሜሪካ የሚኖረው ወንድሜ ዲጂታል ካሜራ ላከልኝ። ፊልም አይገዛለት፥ ማጠቢያ አይከፈልለት፤ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ነገር ግን ስድስት ወር ሳይሞላ ከፎቶግራፎቼ ውስጥ የሚያረካኝ አጣሁ፤ ጥፋቱንም በሌንሱ ላይ ጣልሁት። ማታ ማታ ስለ ሌንሶች ማንበብ፥ ዋጋቸውን ማነጻጸር ልማዴ ሆነ። ይህ ልማድ እንዴት እንደሚያታልል ልንገራችሁ፤ ስለ ካሜራ ሳነብ ያመሸሁ እንደ ሆነ፥ አንድም ሳላነሣ ፎቶግራፍ ሳነሣ የዋልሁ ይመስለኝ ነበር። ሞፈር ሲመርጥ ክረምቱ ያለፈበት ገበሬ ሆንሁ ማለት ነው።

በ2005 ዓ.ም. ዕቁብ ደረሰኝ። ገንዘቡ የቤታችንን ጣራ ቆርቆሮ ለመለወጥ የታሰበ ነበር። እኔ ግን በጨለማ ቤት እንኳ ያለ መብራት የሚያነሣ፥ ዋጋው የከበደ ሌንስ ገዛሁበት፤ ለባለቤቴም የዋጋውን ግማሽ ብቻ ነገርኋት። ይህን ያደረገው በየዓመቱ ለተማሪዎቹ እውነት ስለ መናገር የሚያስተምረው ሰው ነው! በዚያ ክረምት ጣራው ሲያፈስ፥ ከሥሩ ባኖርነው ሳፋ ላይ የሚንጠባጠበውን ውሃ እየቈጠርሁ ያደርሁበት ሌሊት ብዙ ነው።

ባለቤቴ ደረሰኙን ከካሜራው ቦርሳ ውስጥ አገኘችው። አልጮኸችም። «በዚህ ካነሣኸው አንዱን አሳትመህ ስጠኝ፤ ሳሎን ልስቀለው» ብቻ አለችኝ። ከ4000 የሚበልጥ ፎቶግራፍ ነበረኝ፤ ሁለት ሌሊት ፈለግሁ። አበባ፥ ደግሞ አበባ፥ ጀርባው የደበዘዘ ስኒ። ሁሉም የሌንሱን ችሎታ ይመሰክራሉ፤ አንዱም ስለ ሰው አይናገርም። በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ፥ ባለቤቴ በዜኒት ያነሣሁትን የእናቴን ፎቶግራፍ ከሣጥን አውጥታ ሰቅላው አገኘሁ። ጣራው የተለወጠው በማግሥቱ ዓመት ነው፤ ይቅርታውን ለማግኘት ግን ከዚያ የበለጠ ጊዜ ፈጅቶብኛል።

በማሊ አገር፥ በባማኮ ከተማ ሰይዱ ኬታ የሚባል ፎቶግራፍ አንሺ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1935 አጎቱ ከሴኔጋል ትንሽ የኮዳክ ካሜራ አመጣለት፤ በ1948 የራሱን ፎቶ ቤት ከፈተ። በግቢው ውስጥ በፀሐይ ብርሃን፥ የአልጋ ልብሱን ከኋላ ሰቅሎ፥ ፊልም ውድ ስለ ሆነ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ደንበኛ አንድ ጊዜ ብቻ እያነሣ ይሠራ ነበር። ስለዚህም ካሜራውን ከመንካቱ በፊት የሰውየውን አቀማመጥ፥ የእጁን ማረፊያ፥ የአንገቱን ዘንበል ማለት ያስተካክላል። በ2001 ከዚህ ዓለም በሞት ሲለይ ፎቶግራፎቹ በአውሮፓና በአሜሪካ ታላላቅ ሙዚየሞች ታይተው ነበር። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ኬታም በትንሹ ኮዳክ አልቀረም። ትልቅ ኔጋቲቭ የሚያወጣ፥ በእግር የሚቆም ካሜራ ገዝቶአል። ለምን እንደ ገዛውም ያውቅ ነበር፤ ከኔጋቲቩ ሳያሳድግ በቀጥታ በወረቀት ላይ ያትምበት ዘንድ ነው።

እንግዲህ መሣሪያ ከንቱ ነው ብዬ አልዋሻችሁም። የዜኒቴ መዝጊያ በብርድ ጊዜ ይይዝ ነበር፤ ማታ በፋኖስ ብርሃን የተደረገ ሰርግም አበላሽቶብኛል። በፎቶግራፍ እንጀራውን ለሚበላ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ያን ሌንስ ስገዛ ግን ራሴን ልጠይቀው የሚገባኝን አልጠየቅሁትም፤ «ካሜራዬ ስላልቻለ ሳላነሣው የቀረሁት ፎቶግራፍ የትኛው ነው?» ብባል ኖሮ አንድ እንኳ መጥራት አልችልም ነበር።

አምና የጎረቤታችን ልጅ መጣና «ጋሼ፥ የትኛውን ካሜራ ልግዛ?» አለኝ። «በእጅህ ባለው ስልክ በአንድ ወር ውስጥ 36 ብቻ አንሣ፤ የተበላሸውንም አታጥፋ» አልሁት። በወሩ 29 ይዞ መጣ። ከነዚያ አንዷ ላይ አያቱ በማድ ቤት እንጀራ ትጋግራለች፤ እሳቱ ይታያል፥ እጇ ይታያል፥ ፊቷ ግን በጨለማ ተውጦአል። «ይህችን አራት ቀን ሞከርኋት፤ ስልኩ ጨለማውን አልቻለውም» አለኝ።

ተነሥቼ ያን ሌንስ ከነካሜራው ከቦርሳው አውጥቼ ሰጠሁት። እስካሁን አልመለሰልኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።