መጀመሪያ አማርኛው ይመረጥ

ዛሬ ስለ ፎንት ላወራችሁ ነው። «በዚህ ሁሉ ወሬ መሀል?» እንደምትሉ አውቃለሁ፤ ግን ወሬውን ሁሉ የምናነበው በፎንት ነው።

«ሰነዱን ፈርሜ» እና «ሰነዱን ፈርሚ» የሚሉትን አስተያዩዋቸው። በአንዱ ተናጋሪው ራሱ መፈረሙን ይናገራል፤ በሌላው አንዲት ሴት እንድትፈርም ትታዘዛለች። የሚለያቸው ከፊደሉ እግር ሥር ያለች አንዲት ቀለበት ናት። ፎንቱ አንሶና ወፍሮ በስልክ ሲመጣ ቀለበቷ ትደፈናለች፤ አንባቢውም ወደ ግምት ይገባል። የሰው ወይም የቦታ ስም ሲሆን ደግሞ ዐረፍተ ነገሩም አያግዘውም።

ይህ እየታወቀ ብዙ የአማርኛ ዜና ድረ ገጾች የሚሠሩት ከእንግሊዝኛው ተጀምሮ ነው። ዲዛይነሩ ለርዕስ አንድ፣ ለዝርዝሩ አንድ የላቲን ፎንት መርጦ ያጣምራል፤ ደንበኛው «ያምራል» ይላል። አማርኛው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። በተመረጡት ፎንቶች ውስጥ የግዕዝ ፊደል ከሌለ ብራውዘሩ መሣሪያው ላይ ያገኘውን ያመጣል፤ ዊንዶውስ ላይ ኢብሪማ፣ ማክ ላይ ከፋ፣ አንድሮይድ ላይ ብዙ ጊዜ ኖቶ። ያ ሁሉ የምርጫ ልፋት እዚህም እዚያም ለቀረች የእንግሊዝኛ ቃል ብቻ ይሆናል።

መዘዙ በዚህ አያበቃም። የላቲን ፊደል ትልቅና ትንሽ አለው፤ የእኛ የለውም። ለትንንሾቹ የላቲን ፊደላት የተለካ የመስመር ክፍተት ለአማርኛ ሲሰጥ ገጹ ይታፈናል። ፎንቱ ደማቅ ዓይነት ከሌለው ብራውዘሩ ቀጭኑን በግድ ያወፍረዋል። ፊደል ማዝመም ደግሞ ከናካቴው የእኛ ልማድ አይደለም። የብራና ጸሐፊዎቻችን አንድን ስም ለይተው ማሳየት ሲፈልጉ ብዕራቸውን ቀይ ቀለም ውስጥ ይነክሩ ነበር እንጂ ፊደል አያጋድሉም።

ባለፈው ዓመት ለአንድ አነስተኛ የዜና ድረ ገጽ ስሠራ ቅደም ተከተሉን እንድንገለብጠው ጠየቅሁ። «ሜ» እና «ሚ»፣ «ቄ» እና «ቂ»፣ «ሏ» እና «ጿ»፣ ቁጥርና አንድ የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ያሉበት አንቀጽ ጻፍኩ። ከዚያ ደጅ ወጥተን በርካሽ ስልክ ፀሐይ ላይ አነበብነው። አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል የብራናውን የእጅ ጽሕፈት ለዛ ይዟል፤ እኛ ግን ደማቅም ያስፈልገን ነበር። በመጨረሻ ለርዕስ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን፣ ለዝርዝሩ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ያዝን። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። የላቲኑን ፎንት ከዚያው ከኖቶ ቤተሰብ የመረጥነው ይህ ካለቀ በኋላ ነው።

«ፋይሉ ይከብዳል፤ አንባቢያችን በፓኬጅ ነው የሚያነበው» የሚል ክርክር ተነስቶ ነበር። እውነት አለው፤ የግዕዝ ፎንት በመቶዎች የሚቆጠሩ ቅርጾች ስለሚይዝ ከላቲኑ ይከብዳል። መልሱ ግን መተው አይደለም። ሁለት ውፍረት ብቻ መጫንና ፎንቱ እስኪወርድ ጽሑፉን በስልኩ ፎንት ማሳየት ይቻላል።

ጉዳዩ ከውበት የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው። ገጹ ለዓይን ሲያስቸግር አዘጋጆች ጽሑፉን በምስል ሠርተው መለጠፍ ይጀምራሉ። በምስል የወጣ ዜና በፍለጋ በቀላሉ አይገኝም፤ ስልኩ ጮክ ብሎ ለሚያነብለት ዓይነ ስውር አንባቢም እንዳልተጻፈ ነው። ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል ያካተተው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈ ብዙ አማርኛ ዛሬ ሲከፈት የላቲን ፊደል ትርምስ ሆኖ የሚወጣው እያንዳንዱ ሶፍትዌር የራሱ ኮድ ስለነበረው ነው። የማይፈለግና የማይነበብ ጽሑፍ የማጠራቀምን ኪሳራ አንድ ጊዜ ከፍለናል፤ አሁን በምስል ደግመን መክፈል የለብንም።

ስለዚህ ድረ ገጽ የምታሠሩ ወዳጆቼ፣ ዲዛይነሩ ናሙና ሲያመጣላችሁ «አማርኛው የታለ?» በሉት። የራሳችሁን ዜና አስገብቶ ያሳያችሁ፤ እናንተም በስልካችሁ አንብቡት። «ሜ»ን ከ«ሚ» መለየት ካቃታችሁ የመጨረሻዋን ክፍያ ያዝ አድርጓት።