ገላፊ ላይ ያስቆመኝ ቁጥር

ሥራዬ ሹፌርነት ነው። ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና እነዳለሁ። ከአዲስ አበባ ተነስቼ ጅቡቲ ወደብ እወርዳለሁ፤ ዕቃ ጭኜ እመለሳለሁ። መንገዱ ሲሄዱ ብቻ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩበት አልቆጠርኩም። ጎማው ይቁጠረው።

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ድንበር ነው። ድንበር ሲባል ብዙ ሰው ረጅም ግንብ ወይም ትልቅ ወንዝ ይመስለዋል። እኛ የምንሻገርበት ቦታ ገላፊ ይባላል። እዚያ ግንብ የለም። ወዲህም ያው ጥቁር ድንጋይ፣ ወዲያም ያው ጥቁር ድንጋይ ነው። ወዲህ የሚኖረው አፋር ነው፤ ወዲያ የሚኖረውም አፋር ነው። ሻይ የምታፈላልን ሴት እኅቷ ያገባችው ማዶ ነው። ቋንቋቸው አንድ፣ ሰላምታቸው አንድ ነው።

አዋሽ ወንዝ እንኳ ከደጋ ተነስቶ የአፋርን በረሃ ያቋርጥና ባሕር ሳያይ ይቀራል። ድንበሩ ላይ ካለው አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። እኛ ሹፌሮች ግን ድንበሩን እንሻገራለን። ባሕሩ ያለው ማዶ ነዋ!

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም ነጻ አገር ከሆነች በኋላም ቢሆን መኪኖቻችን አሰብ ወደብ ይወርዱ ነበር። በ1990 ዓ.ም ጦርነት ሲነሳ ያ መንገድ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ከውጭ የሚመጣው አብዛኛው ዕቃ በጅቡቲ በኩል ይገባል። ገበሬው የሚዘራበት ማዳበሪያ በዚያ ይመጣል። ከውጭ የሚገዛው ስንዴም በዚያ ይመጣል። ከ2010 ዓ.ም ጀምሮ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም ጭነት ያመላልሳል። ቢሆንም የመኪናው ሰልፍ አልቀረም።

ታዲያ ገላፊ ስትደርስ የምትጠየቀው ወረቀት ነው። መንጃ ፈቃድ አምጣ ትባላለህ። የመኪናውን ሊብሬ አምጣ ትባላለህ። የመሻገሪያ ወረቀት፣ የጭነቱ ዴክላራሲዮን ትጠየቃለህ። ቢጫ ካርድ የሚባልም አለ። ይኼ ኢንሹራንስ ነው። በሰው አገር መንገድ ላይ ሰው ብትገጭ ወይም ንብረት ብታበላሽ ካሳ የሚከፈለው በእርሱ ነው። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ መኪናው ዳር ይይዛል።

ድንበሩን ስታልፍ ብዙ ነገር ይለወጣል። ብሩ ቀርቶ ፍራንክ ይመጣል። ሰዓቱም አቆጣጠሩ ይለያል። የእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በእነርሱ 8 ሰዓት ነው። በመጀመሪያ ጊዜዬ ወደብ ላይ «8 ሰዓት ና» ብለውኝ ከቀትር በኋላ በእኛ 8 ሰዓት ሄድኩ። ተራዬ ካለፈ 6 ሰዓት ሆኖታል! ቀኑም እንደዚሁ ነው። የእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም በእነርሱ ጃንዋሪ 1 ቀን 2018 ነበር። ደግነቱ መንገዱ አይለወጥም። እኛም እነርሱም በቀኝ ነው የምንነዳው። በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ የሚሻገሩ ባልደረቦቼ ግን ድንበሩን እንዳለፉ ወደ ግራ መያዝ አለባቸው።

ከሁሉ የሚከብደው የጽሕፈቱ ነገር ነው። ጅቡቲ የሥራ ቋንቋው ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ነው። እኔ ደግሞ አማርኛ እንጂ ሌላ አላነብም። በአገሬ ጋዜጣ የማነብ ሰው፣ ገላፊን ሳልፍ ፊደል እንዳልቆጠረ ሰው እሆናለሁ። ሰሌዳ አያለሁ፤ አይገባኝም። ወረቀት ይሰጡኛል፤ አይገባኝም። ይኼ ያሳፍራል። ያፈረ ሰው ደግሞ አይጠይቅም።

በ2008 ዓ.ም በግንቦት ወር የሆነብኝን ልንገራችሁ። ከወደብ አንድ ኮንቴይነር ጫንኩ። የኮንቴይነሩ በር በብረት ይታሸጋል። ማሸጊያው ላይ ቁጥር አለ። ያው ቁጥር ወረቀቱ ላይ ይጻፋል። ሁለቱ ካልገጠሙ በሩ መንገድ ላይ ተከፍቷል ተብሎ ይጠረጠራል። እኔ ወረቀቱን ተቀብዬ አጠፍኩና ኪሴ ከተትኩት። ገላፊ ደረስኩ። ተቆጣጣሪው ወጣት ልጅ ነው። ወረቀቱን አየ፤ ማሸጊያውን አየ። ከዚያም ጠራኝ።

«ጋሼ፣ ወረቀቱ ላይ መጨረሻው ስንት ነው የሚለው?»

«47።»

«ብረቱስ ላይ?»

ጠጋ ብዬ አየሁ። 41 ይላል።

«ታዲያ?» አለኝ።

ምን ልበል? ጭነቱን አልነካሁም። ግን ማን ይመሰክርልኛል? የተስተካከለ ወረቀት ከወደብ እስኪመጣ ድረስ ቁም ተባልኩ። 4 ቀን ቆምኩ። በመካከሉ ዓርብ ገባ፤ ዓርብ ማዶ ቢሮ ዝግ ነው። ሙቀቱ አያድርስ ነው። ቀን ቀን ከተሳቢው ሥር እተኛለሁ። የጀሪካኑ ውኃ ሻይ ያፈላል ማለት ይቻላል።

የጨነቀኝ ግን ሙቀቱ አልነበረም። ልጄ ተወልዳ 80 ቀኗ እሑድ ይሞላል። ክርስትና የምትነሳበት ቀን ነው። ባለቤቴ ቅዳሜ ማታ ደወለች።

«የት ደረስክ?»

«ገላፊ ነኝ።»

«ትናንትም ገላፊ ነኝ ብለኸኝ ነበር እኮ!»

መልስ አልነበረኝም። እሑድ ጠዋት ልጄን ክርስትና እናቷ ይዛት ቤተ ክርስቲያን ገባች። ስመ ክርስትናዋን በስልክ ሰማሁ። ወለተ ማርያም ተባለች። ስልኩን ዘግቼ ከጎማው ሥር ተቀመጥኩ።

እዚያ ሆኜ አንድ ነገር አሰብኩ። 1ን ከ7 መለየት አቅቶኝ ነው? አይደለም። ቁጥር አውቃለሁ፤ በቁጥር ነው እንጀራ የምበላው። ወረቀቱን ሲሰጡኝ ግን ከላይ እስከ ታች የማላውቀው ጽሕፈት ነው። «ይኼ የእኔ ነገር አይደለም» አልኩና ሳላየው አጠፍኩት። የማላውቀው ፊደል የማውቀውን ቁጥር አስጣለኝ።

የስሕተቱን ምክንያት በኋላ ነገሩኝ። ፈረንሳይኛ የሚጽፉ ሰዎች በእጅ ሲጽፉ የ1ን ራስ ወደ ታች በረጅሙ ይጭሩታል። ለእኛ 7 ይመስለናል። 7ን ደግሞ ወገቡ ላይ በአጭር መስመር ያቋርጡታል። አንዱ በእጅ የጻፈውን 1፣ ሌላው ሲገለብጥ 7 አደረገው። በቃ፣ ነገሩ ይኼው ነው። እኔ ሳልነሳ በፊት አስተያይቼው ቢሆን ኖሮ እዚያው ይስተካከል ነበር።

ከ2 ዓመት በኋላ አዲስ ረዳት ያዝኩ። ከገጠር የመጣ ልጅ ነው። ፊደል የቆጠረው በማታ ትምህርት ነው። መኪናው ውስጥ ተቀምጦ የመንገዱን ሰሌዳ ጮክ ብሎ ያነባል። «መ-ተ-ሐ-ራ። አ-ዋ-ሽ። ሚ-ሌ።» መጀመሪያ ሰለቸኝ፤ በኋላ ለመድኩት።

አንድ ቀን ወደብ ላይ ጭነን ልንነሳ ስንል ወረቀቱን ሰጠሁት።

«አንብብ» አልኩት።

«ጋሼ፣ ፈረንሳይኛ ነው እኮ! አላውቀውም።»

«እኔም አላውቀውም። የምታውቀውን ብቻ አንብብ።»

ጣቱን ከላይ ወደ ታች እያስኬደ ሄደ። ቁጥሩን አገኘው። አንድ በአንድ እየጠራ ያነባል፤ እኔ ከኮንቴይነሩ በር ሥር ቆሜ ማሸጊያውን አያለሁ። «5» ይላል። «ልክ ነው» እላለሁ። «2።» «ልክ ነው።» «7።»

«ቆይ!» አልኩት። ብረቱ ላይ 1 ነው።

ወርጄ ወደ ቢሮው ሄድኩ። ቋንቋ የለኝም። ወረቀቱን ዘረጋሁ፤ ቁጥሩ ላይ ጣቴን አኖርኩ፤ ብረቱን አሳየሁ። ሰውየው አየና ራሱን ነቀነቀ። ወዲያው አስተካክሎ ማኅተም መታበት። በማግስቱ ገላፊን በሰላም አለፍን። ልጁ መንገዱን ሙሉ እየሳቀ ነበር የሄደው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንባችን ይኼ ነው። ወረቀቱ ተነቦ ከብረቱ ጋር ሳይገጥም ሞተር አይነሳም።

ውድ አንባብያን፣ እናንተም ፊደል ከቆጠራችሁ ገና አጭር ጊዜ ይሆናል። በፍርድ ቤት፣ በሐኪም ቤት፣ በእህል ገበያ ከባድ ጽሕፈት ያለበት ወረቀት ይሰጧችኋል። ሁሉን አላነበውም ብላችሁ አጥፋችሁ ኪስ አትክተቱት። መጀመሪያ ስማችሁን ፈልጉ። ቀኑን ፈልጉ። ቁጥሩን ፈልጉ። ያልገባችሁን ጠይቁ። የማይገጥም ነገር ካያችሁ ከመሄዳችሁ በፊት «ቆይ!» በሉ።

ልጄ አሁን አድጋ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ክርስትናዋን አላየሁም። እርሱን ማንም አይመልስልኝም። ማታ ማታ ቤት ስሆን ግን ደብተሯን እንድታነብልኝ እጠይቃታለሁ። ጣቷን ከመስመሩ ላይ ሳታነሳ ታነብልኛለች።

ነገ ሌሊት ደግሞ ወደ ገላፊ እወርዳለሁ። ደኅና ሰንብቱ።