በከፋ፥ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ መንገደኛ ምን ይበላል? ከወዴትስ ይበላል?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማ በኩል ወደ ከፋ፥ ከዚያም ወደ ሚዛን ተፈሪና ወደ ቴፒ የሚወርድ ሰው፥ የሚሄደው ለመንግሥት ሥራም ቢሆን ለገዛ ጕዳዩ፥ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ መንገዱ ነው። የመንገዱ ነገር ግን ዛሬ የሚያስጨንቅ አይደለም። እስከ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከጅማ እስከ ቦንጋ ከ100 ጥቂት ይበልጣል፤ ከቦንጋ እስከ ሚዛንም እንዲሁ ከ100 ያልፋል። ሁለት ቀን የመደበለት ሰው ሳይቸኵል ይደርሳል። ሁለተኛው ጥያቄ፥ ይኸውም «ምን እበላለሁ? ከወዴትስ እበላለሁ?» የሚለው፥ ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ይቀራል። ስለዚህ መንገደኛው ቡናና ማር፥ ኮረሪማና እንሰት ከሞላበት አገር ገብቶ፥ በአዲስ አበባ በየሰፈሩ የሚያገኘውን ጥብስ በልቶ ይመለሳል። ስለዚህ ነገር ለአንባቢዎቻችን ጥቂት መግለጥ የሚጠቅም መስሎ ታይቶናል።

ቀድሞ ነገሩ ቀላል ነበር። ወደ ከፋና ወደ ማጂ የሚሾም መኰንን ወይም የሚዘምት ወታደር የሚበላውን ከቤቱ አስይዞ ይነሣ ነበርና። በሶው፥ ዳቦ ቆሎው፥ ጭኮው፥ ቋንጣው፥ ድርቆሹ በበቅሎና በአህያ ተጭኖ ይከተላል። ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በ1889 ዓ.ም. ወደ ከፋ በዘመቱ ጊዜ፥ ምግብን በገንዘብ ገዝቶ መብላት በዋና ከተማይቱ እንኳ ገና ልማድ አልሆነም ነበር። እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴላቸውን ባቆሙ ጊዜም መኳንንቱ ነገሩን እንደ ነውር ስላዩት፥ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው አስከትለዋቸው ገብተው ከበሉ በኋላ ሒሳብ በመክፈል ልማዱን እንዳስጀመሩ ይነገራል። ሆቴል ከዚያ ወዲህ ከአዲስ አበባ ወደ ጠቅላይ ግዛቱ ሁሉ ሲዛመት፥ የአዲስ አበባን ገበታ ተሸክሞ ሄደ። በሚዛንና በቴፒ ሆቴል የሚገቡት አብዛኛውን ጊዜ ሹም፥ ነጋዴና የጭነት መኪና ነጂ ናቸው፤ ሁሉም የሚጠይቁት የለመዱትን ነው። ስለዚህ ጤፍ እንደ ልብ በማይበቅልበት ዝናባም ቈላ እንጀራ ይጋገራል፤ ከሆቴሉ አጥር በስተጀርባ የቆመው እንሰት ግን ለእንግዳ ሳይቀርብ ይኖራል።

በሚዛን ከአንድ ሆቴል ተቀምጬ ቆጮ እንዲመጣልኝ ብጠይቅ፥ አሳላፊዋ ልጅ የቀለድሁባት መስሏት ሣቀች። «ጋሼ፥ እሱ እኮ የቤት ምግብ ነው፤ ለእንግዳ አይቀርብም» አለችኝ። የሆቴሉ ሠራተኞች ግን ከማድ ቤቱ ኋላ ተሰብስበው ምሳቸውን የሚበሉት ያንኑ ቆጮ ነበር። በብርቱ ስለ ለመንኋት ከራሳቸው ድርሻ በጎመን አድርጋ አመጣችልኝ፤ ዋጋውን ብጠይቅ በደብተሩ ላይ የተጻፈ ዋጋ አልነበረውም። በዚያ ቀን ከበላሁት ሁሉ የጣመኝም የተከፈለበትም እርሱ አይደለም፤ የጣመኝ እርሱ ነው፥ የተከፈለበት ግን ሌላው ነው።

የሰሜን ሰው እንሰትን የሚያውቀው በኮባው ነው፤ ኮባውም ድፎ ዳቦ ሲጋገር ከሥርና ከላይ የሚለበስ ቅጠል ብቻ ይመስለዋል። በከፋ፥ በሸካና በቤንች ግን እንሰት የቤቱ ጎተራ ነው። ተክሉ ለመብል እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይቆማል፤ በደረሰም ጊዜ የሚቆረጥበት ወር አይወሰንም፤ ቤተ ሰቡ በቸገረው ቀን ይቆርጠዋል። ሴቶች ግንዱን በቀርከሃ መፋቂያ ይፍቁታል፤ ሥሩንም ይከትፋሉ፤ ከዚያ በኋላ በቅጠል በተነጠፈ ጕድጓድ ቀብረው ያብላሉታል። ለጥቂት ሳምንት የተቀበረው ለስለስ ያለ ነው፤ ለብዙ ወር የቆየው ግን ኰምጣጣነቱ ይበረታል፤ ያገሩ ሰውም የቆየውን እንደ ጥሩ ጠጅ ያከብረዋል። ሊበሉት ሲፈልጉ ቃጫው እስኪወጣ ይከትፉታል፤ በኮባ ጠቅልለውም በሸክላ ምጣድ ያበስሉታል። ከተፋቀው ተጨምቆ የሚወርደው ነጭ ዱቄት ቡላ ይባላል፤ ገንፎ ሆኖ ቅቤ ሲፈስበት ለአራስና ለታመመ ሰው የተመረጠ ምግብ ነው።

ከቆጮ ጋር ትኵስ ጎመን፥ አይብ፥ ወይም በሚጥሚጣ የተለወሰ ቅቤ ይቀርባል። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ሰውም ከጎመን ጋር ያለ ችግር የሚበላ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምሰው ሰው ብዙውን ጊዜ ፊቱን ያኮሳትራል። ነገር ግን እንጀራም ለባዕድ ኰምጣጣ መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

እንግዲህ ይህ ምግብ የሚገኘው ከወዴት ነው? ከሰው ቤት፥ አለዚያም በገበያ ቀን ከገበያው ዳር። በቦንጋም ሆነ በሚዛን ስትደርሱ አስቀድማችሁ የገበያው ቀን መቼ እንደሆነ ጠይቁ። በዚያ ቀን ከገጠር የመጡት ሴቶች የተቀቀለ ጎደሬና ቦዬ፥ የበቈሎ ቂጣ፥ ቦርዴና ሙዝ ይዘው ይቀመጣሉ። ጎደሬን በሚመለከት ለቤት እመቤቶች አንድ ማስጠንቀቂያ አለን፤ ሥሩን ገዝተው ወደ ቤታቸው ቢወስዱ ጥሩ አድርገው ይቀቅሉት፤ ያልበሰለ ጎደሬ አፍንና ጕሮሮን እንደ ሳማ ይለበልባልና።

ወደ ሰው ቤት ለመግባት ግን የሚያውቃችሁ ሰው ይዛችሁ መሄድ ይገባል። በገባችሁም ጊዜ የቀረበላችሁን አትናቁ። ከሁሉ በፊት የሚቀርበው ቡና ነው፤ ከቡናውም ጋር ጎደሬ ወይም ቆሎ ወይም ቆጮ ይመጣል። በገጠሩ ቡናውን በጨው መጠጣት የቆየ ልማድ ነው፤ ስኳር የጠየቀ እንግዳም ባለቤቲቱ ልጅ ወደ ሱቅ እንድትልክ ያስገድዳታል።

ስለ ማዕድ በምንናገርበት ጊዜ ዝም ብለን የማናልፈው አንድ ነገር አለ። በዚሁ አገር መብል ሰውን ከሰው የሚያቀራርብ ብቻ ሳይሆን የሚለይም ሆኖ ኖሯል። በከፋና በሸካ የሚኖሩ መንጆ የተባሉ ወገኖች፥ በማደን ይተዳደሩ ስለ ነበርና ሌላው የማይበላውን የዱር እንስሳ ሥጋ ይበላሉ ስለ ተባለ፥ ከጐረቤቶቻቸው ቤት እንዳይገቡ፥ በአንድ ዕቃም እንዳይበሉና እንዳይጠጡ ተደርገው ብዙ ትውልድ አልፏል። ምግብ ሲሰጣቸውም በደጅ፥ በኮባ ቅጠል ላይ ነበር። ያው ኮባ ለእንግዳ ሲነጠፍ ክብር ነው፤ ለእነርሱ ሲነጠፍ ግን ዕቃው እንዳይነካ ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ደንግጓል፤ ልማዱም በከተሞች እየላላ ሄዷል፤ በገጠር ግን ፈጽሞ አልጠፋም። በየመንገዱ ዳር ከሰልና ማገዶ ይዘው ከሚቆሙት ብዙዎቹ እነርሱ ናቸው። ሹም የሆነ እንግዳ በገጠር ግብዣ ላይ በተቀመጠ ጊዜ ከደጅ የቀረ ሰው እንዳለ ቢጠይቅ ነውር አይሆንበትም። እንግዳ ሲጠይቅ ባለቤቱ ሊመልስ ይገደዳልና፥ ጥያቄው ብቻውን ብዙ ጊዜ ከትእዛዝ ይሻላል።

ስለ ቡና ደግሞ እንናገር። ከቦንጋ እስከ ሚዛን ባለው መንገድ ግራና ቀኝ ቡና ከታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር ያለ ተካይ በቅሎ ይታያል። ይህን ጫካ ለመጠበቅ ሲባል የከፋው በኤውሮጳ አቈጣጠር በ2010፥ የሸካው በ2012 ከዩኔስኮ የሕይወታውያን ክልሎች ዝርዝር ገብተዋል። ከዚሁ ወገን፥ ጌሻ ከተባለው ዱር አካባቢ፥ በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1930ዎቹ የተለቀመ የቡና ዘር ወደ ኬንያና ወደ ታንጋኒካ ተወሰደ፤ በ1953 ኮስታ ሪካ ደረሰ፤ ከዚያም ወደ ፓናማ ተሻገረ። በ2004 በፓናማ በተደረገው ጨረታ አንዱ ፓውንድ በ21 ዶላር ተሸጦ በጊዜው የነበረውን ዋጋ ሁሉ አለፈ። ዛሬ በቶኪዮና በኒው ዮርክ ያሉ ሰዎች ጌሻ የሚለውን ስም በአክብሮት ይጠራሉ። በትውልድ አገሩ ግን ከአንዳንድ ሆቴል የገባ እንግዳ፥ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ዱቄት በመኪና ተፈልቶ ይቀርብለታል። ይህን አትቀበሉ። ከመንገድ ዳር ጀበና ጥዳ ከተቀመጠችው ሴት ዘንድ ሂዱ፤ ፊታችሁ ቆልታ፥ በሙቀጫ ወቅጣ፥ ኮረሪማ ጨምራ ታፈላላችኋለች።

ከዚህ ሌላ ከቡናው ቅጠል የሚፈላ መጠጥ አለ። የሐረር ሰው ቁጢ የሚለው ዓይነት ነው፤ በቤንችና በአካባቢው ጨሞ ይሉታል። ቅጠሉን በምጣድ አድርቀው፥ ወቅጠው፥ ከዝንጅብል፥ ከነጭ ሽንኵርት፥ ከቃሪያና ከጤና አዳም ጋር ያፈሉታል። በቅል ይጠጣል፤ ያቃጥላል፤ በዝናብ የራሰ መንገደኛን ግን ያነሣል። ፍሬው ለገበያ፥ ቅጠሉ ለቤት ይውል ስለ ነበር የድኻ መጠጥ የሚሉት አሉ። እኔ ግን እንዲህ ያለውን ነገር በሻይ ፈንታ የሚያቀርብ አንድ ደፋር ባለ ሆቴል ቢነሣ ገበያ የሚያጣ አይመስለኝም።

ከሚዛን ወደ ምዕራብ ደቡብ ጥቂት ቢወርዱ የበበቃ እርሻ አለ፤ ስፋቱ ወደ 10,000 ሄክታር ይደርሳል ይባላል። ለዓይን ያስደንቃል፤ ለሚበላ ሰው ግን ብዙ የለውም።

ከሚዛን ወደ ቴፒ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አገሩ ዝቅ እያለ ሙቀቱ እየጨመረ ይሄዳል። ቴፒ የቅመማ ቅመም አገር ናት። ቁንዶ በርበሬ ግንድ ላይ ሲጠመጠም፥ ሄልና እርድ በመስመር ሲበቅሉ ማየት የሚወድ ሰው ከከተማይቱ ያለውን የእርሻ ምርምር ማዕከል ይጎብኝ። ዝንጅብልም የገበሬው ዋና ገንዘብ ነበር፤ በ2004 ዓ.ም. ግድም ግን አጠውላጊ በሽታ ገብቶ ማሳውን አወደመው፥ ብዙ ቤትም ተጐዳ። አሁን በገበያ የምታገኙት ዝንጅብል ከዚያ ጥፋት በኋላ እንደገና የተተከለ ነው፤ ስለዚህ በዋጋው ብዙ አትከራከሩ። አናናስ፥ ፓፓያ፥ ማንጎና ሙዝ ግን እንደ ልብ ነው። ከሆቴሉ ከምትበሉት ይልቅ ጠዋት ከገበያ የገዛችሁትን አናናስ ቢላዋ አስመጥታችሁ ብትቆርጡ ይሻላችኋል።

ወደ ቤት ስለሚወሰደው ነገር ለእመቤቶች ጥቂት እንጨምር። ኮረሪማ የሚገዛው ፍሬው ከነልብሱ በገመድ እንደ ተሰካ ነው፤ የተፈለፈለው ቶሎ ሽታው ይጠፋል። ጥምዝም እንዲሁ ያልተወቀጠው ይመረጥ፤ ጥቁርና ረጅም ሆኖ ትንሽ የጢስ ሽታ ያለው ጥሩ ነው፤ ለወጥና ለበርበሬ ይገባል። የከፋና የሸካ ማር ከጌተም አበባ የተቀሰመ ከሆነ ነጭ ነው፤ ቶሎም ይረጋል። የረጋውን አይተው ስኳር የገባበት መስሏቸው የሚጥሉ ወይም ከሻጩ ጋር የሚጣሉ ሰዎች አሉ። መርጋቱ የማሩ ጠባይ ነው፤ ዕቃውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ቢያቆሙት ይፈታል፤ በእሳት ላይ ግን አይጣድ፥ መዓዛው ይጠፋልና። ቀፎው በረጅም ዛፍ ጫፍ ላይ ስለሚሰቀል፥ ማር ቆራጩ ነፍሱን በገመድ ይዞ እንደሚወጣ ዋጋውን በምትከራከሩ ጊዜ አስቡ። ለጉዞው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ወር ይመረጣል፤ በቀረው ጊዜ ዝናቡ ብዙ ነው። በመኪናም ስትጭኑ ኮረሪማውን ከማሩ አጠገብ አታስቀምጡ፤ ክዳኑ ያልጠበቀ እንደሆነ ሽታው ማሩን ይወርሰዋል።