አጫሹም የሚደግፈው ሕግ

አጫሾችን ሳይ ደጋግሜ የማስተውለው ነገር አለ። ከጓደኞቹ ጋር ቆሞ ሲያጨስ የነበረ ሰው የገዛ ልጁ ብቅ ሲል ሲጋራ የያዘ እጁን ወደ ኋላ ይሰውራል። ሌላው ረግጦ ያጠፋና ጭሱን በመዳፉ ይበትናል። እሱ መተው ቢያቅተውም ለልጁ ግን አይመኘውም።

ይህ ስሜት በቁጥርም ታይቷል። የትንባሆ መግዣ ዕድሜ ወደ 21 ከፍ ይበል ወይ ተብለው እ.ኤ.አ. በ2014 ከተጠየቁ አሜሪካውያን አዋቂዎች ከአራቱ ሦስቱ ደግፈዋል። በወቅቱ ያጨሱ ከነበሩትም ከአሥሩ ሰባቱ ያህል ድጋፋቸውን ሰጥተዋል። ከሁሉም ሚዛን የሚደፋብኝ የእነዚህኛዎቹ ድምፅ ነው፤ ሱሱን ከውስጥ ያውቁታልና።

ኒድሃም የተባለች የማሳቹሴትስ ከተማ ዕድሜውን 21 ያደረገችው ቀደም ብላ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ከ2006 እስከ 2010 ባለው ጊዜ ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቿ የሚያጨሱት ከ13 በመቶ ወደ 7 በመቶ ገደማ ወረዱ። ነገሩ የሚገርም አይደለም። የ18 ዓመት ልጅ ብዙ ጊዜ ገና ተማሪ ነው፤ ለ15 ዓመት ጓደኛው ገዝቶ ያቀብላል። 21 የሞላው ግን ከትምህርት ቤቱ ግቢ ወጥቷል። ኒው ዮርክ ከተማ በ2013 ሕጉን አወጣች፣ ሃዋይ በ2016 ሥራ ላይ አዋለች፤ በታኅሣሥ 2019 መላ አገሪቱ ተከተለች።

በዚህስ እኛ ቀድመናል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ትንባሆ መሸጥን ሲከለክል፣ የአሜሪካው የፌዴራል ሕግ ገና አልወጣም ነበር።

አሁን ደግሞ የሱቅ በደረቴውን ካርቶን እንይ። ማስቲካው፣ ከረሜላውና ሶፍቱ ከሲጋራው ጎን ተደርድረዋል። ሻጩ ራሱ ብዙ ጊዜ 21 ያልሞላው ነው። ሲጋራው በፍሬ ስለሚሸጥ የልጅ ኪስም ይችለዋል። ሰፈር ውስጥም «ማሙሽ፣ ሮጥ በልና አንድ ፍሬ አምጣልኝ» የሚል ጎረቤት አይጠፋም። ልጁ የታላቅ ቃል አክብሮ ይበራል፤ ባለሱቁም «ለጋሼ ነው» ሲባል ዕድሜ አይጠይቅም። እንዲህ እንዲህ እያለ ብዙ ልጅ ሲጋራን መጀመሪያ በእጁ የሚይዘው ጨዋ ልጅ ሆኖ ሲታዘዝ ነው።

ስለዚህ መላኩ ይቅር። የሚያጨስ ሰው ራሱ ሄዶ ይግዛ። ባለሱቁም የተላከውን ልጅ «ጋሼ ራሳቸው ይምጡ» ብሎ ይመልሰው። ይህን ለማድረግ ፖሊስም በጀትም አያስፈልግም፤ አዋጁን ከወረቀት አውርዶ ሱቅ ደጃፍ የሚያደርሰው የእኛ ድጋፍ ነው።