የግድግዳው ስንጥቅና የመንገዱ ሐቅ



ቤታችን በወሎ፣ ከባድ መኪና በማይቋረጥበት ከተማ ውስጥ ነው። እስከ 1990 ዓ.ም. ወደ አሰብ፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ወደ ጅቡቲ የሚመላለሰውን ተሳቢ ድምፅ እየሰማን አድገናል። ሠፈራችን ከአስፋልቱ ገባ ያለ በመሆኑ ግን ከድምፁ በቀር ጉዳት አላየንም ነበር። በ2009 ዓ.ም. ድንጋይና አሸዋ የጫኑ ገልባጭ መኪኖች በጠጠር መንገዳችን ማቋረጥ ጀመሩ። መንገዱ ተቦረቦረ፤ ከደጃፋችንም ፊት ለፊት ጉድጓድ ተከፈተ። የጫነ መኪና እዚያ ገብቶ ሲወጣ ሲኒዎቹ ከመደርደሪያው ላይ ይንጫጫሉ፣ ልጆች ከእንቅልፋቸው ይባንናሉ። በዚያው ክረምት እናቴ የምትተኛበት ክፍል የጭቃ ግድግዳ ከመስኮቱ ሥር እስከ ወለሉ ተሰነጠቀ።

ቀበሌ ሄድኩ፤ ወደ ማዘጋጃ ቤት ላኩኝ። ማዘጋጃ ቤቱ «ጉዳትህን ባለ መኪናዎቹን ጠይቅ» አለኝ። ባለ መኪናዎቹ «ጉድጓዱን ያልደፈነው ማዘጋጃ ቤቱ ነው» አሉ። ደጋግሜ ስመላለስ አንዱ ሠራተኛ «የጭቃ ቤት ሲያረጅ ይሰነጠቃል» ብሎ ሸኘኝ።

አንድ ማታ ከዒሻ ሶላት በኋላ የሠፈሩ ወጣቶች «መንገዱን በቋጥኝ እንዝጋውና ያን ጊዜ ይሰሙናል» ብለው ተማከሩ። እኔ መምህራቸው ነኝ፤ ግን ዝም አልኩ። እውነቱን ልናገርና ሐሳቡ ደስ ብሎኝ ነበር። ቤት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት ለጥቂት ጊዜ አቀርቅራ ቆየችና «ልጄ፣ ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት በዚህ መንገድ ወደ ሐኪም ቤት ብትወሰድስ? ለኔ ግድግዳ ብላችሁ የሰው ነፍስ ልታጠፉ ነው?» አለችኝ። «እማ፣ ይቅር በይኝ» ከማለት በቀር መልስ አላገኘሁም። በዚያው ሳምንት እኮ ከመንገድ ላይ ጎጂ ነገርን ማስወገድ ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን ለልጆቹ ሳስተምር ነበር የሰነበትኩት! ጎሕ ሳይቀድ ተነስቼ ወጣቶቹን አስቆምኳቸው።

ቁጣውን ከተውን በኋላ ሥራው ተጀመረ። ፍርድ ቤት የሠራ አንድ ጎረቤታችን ሁለት ነገር አስረዳን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። በአንቀጽ 2143 ደግሞ የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት ይላል። ስለዚህ «አላህ ያውቃል» ብሎ መቀመጥ ትዕግሥት መስሎን ሐቃችንን እያስበላን ኖሯል።

ከዚያም ማስረጃ ማሰባሰብ ያዝን። ስንጥቁን ከአንድ ቦታ ሆነን በየወሩ ፎቶግራፍ አነሳን። ጫፉን በእርሳስ ምልክት አድርገን ቀኑን ጻፍንበት። በስንጥቁ ላይ ቀጭን የመስታወት ቁራጭ በስሚንቶ አጣበቅን፤ መስታወቱ ከተሰበረ ግድግዳው ገና እየተንቀሳቀሰ ነው ማለት ነው። መስታወቱም ተሰበረ። መኪኖቹ የሚያልፉበትን ሰዓት በደብተር መዘገብን። 12 አባወራዎች የፈረሙበትን ማመልከቻ ለመዝገብ ቤት አስገብተን በቅጂው ላይ ቀንና ቁጥር አስጻፍን። ቃል በነፋስ ይበተናል፤ ቁጥር ያለው ወረቀት ግን መልስ ይጠይቃል።

በሽማግሌዎች አማካይነት ማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ ላከ። ሰውየው ቅን ነበር። የቤት ግድግዳን የሚያናውጠው የመኪናው ክብደት ብቻ ሳይሆን፣ የጫነ መኪና በፍጥነት መጥቶ ጉድጓድ ላይ ሲያርፍ የሚፈጠረው ንዝረት መሆኑን አስረዳን። የመንገዱ ቦይም ተደፍኖ ውኃው ወደ ቤታችን መሠረት እንደሚሰርግ አሳየን። በመጨረሻ ቀና ብሎ ጣሪያዬን ተመለከተና «አሸንዳው የት ሄደ?» ሲል ጠየቀኝ።

አሸንዳው ከወደቀ ሁለት ክረምት አልፎት ነበር። የጣሪያዬ ውኃ በሙሉ የሚፈሰው በዚያው ግድግዳ ግርጌ ነው። ማመልከቻዬ ግን ጉዳቱ ሙሉ በሙሉ በመኪና የደረሰ ነው ይላል። አንድ ጎረቤት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «መኪናው ነው የጣለው በል» አለኝ። ብዙ ሰው ቆሞ ያየኛል፤ ከተማሪዎቼም ሦስቱ እዚያው ነበሩ። ላቤ መጣ። «አሸንዳው በራሱ ነው የወደቀው፤ ያልተከልኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

ወዲያው ትዝ ያለኝ ኢማም አሕመድ በሙስነዳቸው ያሰፈሩት ታሪክ ነው። የአባስ (ረ.ዐ.) ቤት አሸንዳ ዑመር (ረ.ዐ.) በሚያልፉበት መንገድ ላይ ነበር። አንድ ጁሙዓ ደም የተቀላቀለበት ውኃ ልብሳቸው ላይ ወረደባቸውና አሸንዳው እንዲነሳ አዘዙ። አባስ ግን ያን ቦታ የመረጡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንደ ነበሩ ነገሯቸው። ዑመርም አባስ በጀርባቸው ላይ ቆመው አሸንዳውን ወደ ቦታው እንዲመልሱ ግድ አሏቸው። ይህን ታሪክ የማስተምረው ሹም ስሕተቱን ማረም እንዳለበት ለማሳየት ነበር። ያን ቀን ግን ስሕተትን ማረም የሹም ብቻ ሳይሆን የከሳሽም ግዴታ መሆኑ ገባኝ።

እውነቱን መናገሬ ክሱን ያፈርሰዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። መሐንዲሱ ግን የኔን ጥፋት ከጻፈ በኋላ የመንገዱንም ጥፋት ሳይሸሽግ ጻፈው። ከሰባት ወር ምልልስ በኋላ በቃለ ጉባኤ ተስማማን። ማዘጋጃ ቤቱ ጉድጓዱን ደፈነ፣ ቦዩን አስጠረገ፣ የጫነ ከባድ መኪና እንዳያልፍም ምልክት አቆመ። ባለ መኪናዎቹ ለግድግዳው ማደሻ እንጨትና የሠራተኛ ዋጋ ሰጡ። አሸንዳውን በራሴ ገንዘብ ተከልኩ። ከማዘጋጃ ቤቱ የጠየቅሁትን ካሳ አላገኘሁም። አንዳንድ ሌሊትም ምልክቱን የሚጥስ መኪና አይጠፋም፤ ያን ጊዜ ደብተራችንን እናወጣለን። እናቴ ግን ዛሬ ከታደሰው ግድግዳ ሥር ያለ ሥጋት ትተኛለች፤ አልሐምዱ ሊላህ።

ወገኖቼ፣ ግድግዳችሁ ቢሰነጠቅ ዝም አትበሉ፤ ጻፉ፣ አስመዝግቡ፣ ጊዜው ሳያልፍ ጠይቁ። ወደ ቢሮ ከመሄዳችሁ በፊት ግን ቀና ብላችሁ የራሳችሁን አሸንዳ ተመልከቱ። አላህ ሐቃችንን የምንጠይቅ፣ በራሳችን ላይም ቢሆን እውነት የምንመሰክር ያድርገን። አሚን።